ጌቩርዝትራሚነር ወይንን ከመንስተር ቺዝ ጋር አጣጥሞ የማቅረብ መመሪያ

ቺዝ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ ቀይ ወይን መክፈት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ቅባቱ የበዛና ሽታው የጠነከረ ለስላሳ ቺዝ ከቀይ ወይን ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም። ታኒን የሚባለው፣ ቀይ ወይን ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚያገኘው አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር፣ እንዲህ ካለው ቺዝ ጋር ሲገናኝ መራራነቱ ይጎላል፤ አንዳንድ ጊዜም ብረት ብረት የሚል ጣዕም አፍ ውስጥ ይቀራል። መዓዛው የጎላ ነጭ ወይን ይህ ችግር የለበትም። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ወይኖች መካከል ጌቩርዝትራሚነር የተባለውን መርጬ፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ በአልዛስ ምድር በልማድ አብሮት ከሚቀርበው ከመንስተር ቺዝ ጋር እንዴት እንደሚጣመር፣ ከግዢው ጀምሮ እስከ ትራፊው አያያዝ ድረስ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። የጥምረቱን መሳካት የሚወስነው የወይኑ ዋጋ ወይም የአምራቹ ዝና ሳይሆን፣ በወይኑ ውስጥ የቀረው ስኳር ከቺዙ የብስለት ደረጃ ጋር መመጣጠኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህን ሚዛን ለማግኘት የተዘጋጁ ናቸው።

ሁለቱ ለምን ይስማማሉ?

የመንስተር ሸለቆ ከኮልማር ከተማ በስተምዕራብ፣ በቮዥ ተራሮች ምሥራቃዊ ጎን ይገኛል። በ7ኛው መቶ ዘመን በሸለቆው ገዳም የመሠረቱ መነኮሳት ከላም ወተት ቺዝ የማዘጋጀትን ጥበብ እንዳስፋፉ ይነገራል፤ ቺዙም ስሙን የወሰደው ከገዳሙ ነው። እረኞች በሞቃቱ ወራት ላሞቻቸውን ወደ ተራራው አናት አውጥተው ያግዳሉ፤ ከሸለቆው መውጫ ላይ ደግሞ፣ በቱርክሃይምና በቪንትሰንሃይም አጠገብ፣ ብራንድ እና ሄንግስት የተባሉት ስመ ጥር የወይን ተዳፋቶች ይገኛሉ። ከእነዚህ ሄንግስት በጌቩርዝትራሚነር የታወቀ ነው። የቮዥ ተራሮች ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚያስቀሩ በኮልማር በኩል ያለው መሬት ደረቅ ያለ መኸር ያገኛል፤ በዚህም ምክንያት የወይኑ ፍሬ ግንዱ ላይ ቆይቶ በሚገባ ለመብሰል ጊዜ አለው። ፍሬው ባከማቸው ስኳር ብዛት የተነሣም እርሾው ሁሉንም ወደ አልኮል ሳይለውጥ የተወሰነው ስኳር በወይኑ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

የጌቩርዝትራሚነር ፍሬ ልጣጩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ስለሆነ፣ ከእሱ የሚገኘው ነጭ ወይን ከሌሎች ነጭ ወይኖች ይልቅ ወደ ወርቃማ ቀለም ያዘነብላል። መዓዛው ጽጌረዳን፣ ላይቺ የተባለውን የእስያ ፍሬና ዝንጅብልን ያስታውሳል፤ ለዚህ ዋናው ምክንያት ሮዝ ኦክሳይድ የተባለው ውህድ ሲሆን፣ ይኸው ውህድ በጽጌረዳም በላይቺም ውስጥ ይገኛል። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 14.5 በመቶ ይደርሳል፣ ኮምጣጣነቱ ግን አነስተኛ ነው። ይህን የመጨረሻውን ባሕርይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቅባትን በኮምጣጣነቱ ቆርጦ የሚያልፍ ወይን አይደለምና። ጌቩርዝትራሚነር ጠንካራ ቺዝን የሚቋቋመው በመዓዛው ብርታት፣ አፍ ውስጥ በሚሰማው ውፍረቱና በስኳሩ ነው።

የመንስተር ቺዝ በበኩሉ እርጥበት በሞላበት ምድር ቤት ሲበስል፣ ቅርፊቱ በየጊዜው ጨው ባለበት ውኃ ይታጠባል። እርጥበቱና ጨዉ ብሬቪባክቴሪየም ሊነንስ ለተባለው ባክቴሪያ ይመቹታል፤ ቅርፊቱን ብርቱካናማ የሚያደርገውና ድኝ ድኝ የሚለውን ብርቱ ሽታ የሚያመጣውም ይኸው ነው። ሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርበውን ሰው ሊያስፈራ ይችላል። ውስጡ ግን ለስላሳ፣ ወተታማና ጨዋማ ነው፤ ጣዕሙ ከሽታው እጅግ የዋህ ስለሆነ በሽታው ብቻ ፈርዶ መተው ተገቢ አይመስለኝም። ጨዋማነቱ የወይኑ ጣፋጭነት እንዳይሰለች ያደርጋል፤ የወይኑ ስኳር ደግሞ ጨዉን ያለዝባል።

አንደኛ፦ ወይኑን መምረጥ

ጠርሙሱን ሲያነሡ መጀመሪያ የጣፋጭነት ደረጃውን ይፈልጉ። ከ2021 ዓ.ም. (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምርት ጀምሮ የአልዛስ ነጭ ወይኖች ይህንን በጠርሙሱ ላይ እንዲገልጹ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ሴክ ማለት ደረቅ፣ ስኳሩ እጅግ ያነሰ ወይን ነው፤ ደሚ ሴክ ጥቂት ጣፋጭነት አለው፤ ሟሌ የሚባለው በሊትር ከ12 እስከ 45 ግራም ገደማ ስኳር የያዘ ሲሆን፣ ዱ የሚባለው ከ45 ግራም በላይ ነው። ለበሰለ መንስተር የምመክረው በሟሌ ክልል ውስጥ ያለውን፣ በተለይም ከ15 እስከ 30 ግራም የሚይዘውን ነው። ሙሉ በሙሉ ደረቅ የሆነው ጌቩርዝትራሚነር ብቻውን ሲጠጣ ደስ የሚል ቢሆንም፣ በደንብ ከበሰለ ቺዝ ጋር ሲገናኝ አልኮሉ ያቃጥላል፣ ከልጣጩ የሚመጣው ቀላል ምሬትም ጎልቶ ይወጣል። እርሱን ገና ወጣት ለሆነ መንስተር ወይም ከ12 ወር በላይ ለቆየ ኮንቴ ቺዝ ማስቀመጥ ይሻላል።

ጠርሙሱ ከ2021 በፊት የተመረተ ከሆነና ደረጃው ካልተጻፈበት፣ አንዳንድ አምራቾች በጀርባው መለያ ላይ የሚያሳዩትን የጣፋጭነት መስመር ይመልከቱ። እርሱም ከሌለ የአልኮሉ መጠን ጥቂት ይጠቁማል፤ የአንድ ጌቩርዝትራሚነር አልኮል 12.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ያልተለወጠ ስኳር መኖሩ አይቀርም። አልኮሉ ከፍ ያለ መሆኑ ግን ብቻውን የደረቅነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይህ ፍሬ ስኳር የማከማቸት አቅሙ ትልቅ በመሆኑ 14 በመቶ አልኮልና ብዙ ስኳር በአንድ ጠርሙስ ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ከሁሉ ይመረጣል።

በጠርሙሱ ላይ ግራን ክሩ የሚል ከተጻፈ ወይኑ የመጣው በአልዛስ ውስጥ ከተለዩት 51 ተዳፋቶች ከአንዱ ነው ማለት ነው። ቫንዳንዥ ታርዲቭ የሚለው ደግሞ ፍሬው ዘግይቶ፣ ስኳሩ ከፍ ካለ በኋላ መለቀሙን ያመለክታል፤ ስሙና ደንቡ በሕግ የተወሰኑት በ1984 ነው። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ለመንስተር ከሚገባው በላይ ጣፋጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ጨዉ ለበረታ ሰማያዊ ቺዝ (ውስጡ ሰማያዊ ሻጋታ ላለበት)፣ ለምሳሌ ለሮክፎር ወይም ለለዘብተኛው ፉርም ዳምቤር ቢያስቀምጡት ዋጋውን ያወጣል።

ሁለተኛ፦ ቺዙን መምረጥ

እውነተኛው መንስተር ከ1969 ጀምሮ በፈረንሳይ የተጠበቀ የምንጭ ስያሜ አለው፤ በደንቡ መሠረት ትልቁ ቢያንስ 21 ቀን፣ ትንሹ ደግሞ 14 ቀን መብሰል አለበት። በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ አለኝ። በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች መንስተር ተብሎ በቁራጭ የሚሸጠው ቺዝ ከቮዥ ተራሮቹ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው፤ ብርቱካናማው ጠርዙ በጨው ውኃ ከመታጠብ የመጣ ሳይሆን አናቶ በሚባል የዕፅ ቀለም ወይም በፓፕሪካ የተቀባ ነው፤ ጣዕሙም በጣም ለስላሳ በመሆኑ ለሳንድዊች እንጂ ለዚህ ጥምረት አይሆንም። ከዚህም በላይ የአሜሪካ ሕግ ካልተፈላ ወተት የተሠራ ቺዝ ቢያንስ 60 ቀን እንዲቆይ ስለሚያዝ፣ በዚያ የሚገኘው የፈረንሳይ መንስተር በፓስተራይዜሽን ካለፈ ወተት የተሠራ ነው። ይህ መልካም ምርጫ ነው፤ ብርታቱ ጥቂት የሚቀንስ ቢሆንም ከወይኑ ጋር ያለው ስምምነት አይለወጥም። በአውሮፓ የሚኖሩ ግን ካልተፈላ ወተት በገበሬው ቤት የተሠራውን ቢያገኙ ያንኑ ይግዙ።

በሱቁ ውስጥ ቺዙን በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ወደ ውስጥ ገብቶ በዝግታ የሚመለስ ከሆነ በስሏል። ቅርፊቱ ብርቱካናማ፣ ጥቂት እርጥብ፣ ግን እጅ ላይ የማይጣበቅ መሆን አለበት። ከተቆረጠ መሃሉን ይመልከቱ፤ ነጭና ፍርፍር ያለ መስመር በመሃሉ ከታየ ገና ወጣት ነው፣ ለደሚ ሴክ ወይን ይስማማል። ሁሉም ወጥ ሆኖ ቅቤ የመሰለ ከሆነ ለሟሌ ደርሷል። አሞኒያ ዓይንንና አፍንጫን የሚኮረኩር ከሆነ፣ ወይም ቅርፊቱ ቡናማ ሆኖ የተሰነጠቀ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፤ ይህን የሚመልስ ወይን የለም።

መንስተርን ጨርሶ ማግኘት ካልተቻለ፣ ቅርፊቱ በተመሳሳይ መንገድ የሚታጠበው የጣሊያኑ ታሌጆ ከሁሉ የሚቀርብ ምትክ ነው፤ ለስላሳና ዝግ ያለ ስለሆነም ለጀማሪ የተሻለ ነው። በፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚሠራው ኤፖዋስ ቺዝ ከመንስተር ይበረታል፣ ወይኑም በዚያው ልክ ጣፈጥ ማለት ይኖርበታል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና የሰውነት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ግን ቅርፊታቸው የታጠበ ለስላሳ ቺዞችን በሊስቴሪያ ባክቴሪያ ምክንያት መተው አለባቸው።

የቤታችን አይብስ?

ይህን ጥያቄ ማንሣት ተገቢ ነው። አይብ ያልበሰለ፣ ጨው የሌለው ወይም ያነሰው፣ ጥቂት ኮምጣጣ ስለሆነ ከጌቩርዝትራሚነር ጋር አይመጣጠንም፤ ወይኑ ይውጠዋል፣ የአይቡ ኮምጣጣነትም ወይኑን ለዛ ያሳጣዋል። ለአይብ የሚሻለው የአልዛስ ደረቅ ሙስካ ወይም በፈረንሳይ በሎዋር ሸለቆ የሚመረተው ሶቪኞን ብላን የተባለ ነጭ ወይን ነው። በሎዋር የሳንሴር ወይን ከዚያው ኮረብታ ከሚገኘው ክሮታን ደ ሻቪኞል የተባለ የፍየል ቺዝ ጋር የሚቀርበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኮምጣጣ ለኮምጣጣ ይስማማል። አይቡ ሚጥሚጣ ከገባበት ነገሩ ይለወጣል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ስለሚያባብስና ጌቩርዝትራሚነርም አልኮሉ ብዙ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ አልኮልና ጥቂት ስኳር ያለውን፣ ሪዝሊንግ የተባለ ደሚ ሴክ ነጭ ወይን መምረጥ ይሻላል። በአገራችን በዝዋይ የሚመረተው የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ደግሞ መዓዛቸው ከጎላ ወይኖች ወገን ስላልሆነ፣ በዚህ መመሪያ ያሉትን ልኬቶች በቀጥታ በእሱ ላይ ማዋል አይቻልም።

ሦስተኛ፦ ሙቀቱን ማስተካከል

ብዙ መልካም ጥምረት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስዶ መሥራት ይገባል። ቺዙን ከማቅረብዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ከፍሪጅ ያውጡት፤ ቅባቱ በቅዝቃዜ ሲጠነክር መዓዛውን አይለቅም፣ ቺዙም ጨዋማ ሙጫ ይመስላል። ሽታው ቤቱን እንዳይሞላው በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ወይም በሳህን እንደተከደነ ይቆይ።

ወይኑ በተቃራኒው መቀዝቀዝ አለበት፣ ግን ከልክ በላይ አይደለም። ለሟሌ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለደረቁ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ተስማሚ ነው። በክፍል ሙቀት የነበረን ጠርሙስ በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት በቂ ነው፤ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በሙሉ ስለማይነካው ከውኃ ጋር ካልሆነ ዘገምተኛ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ከሆነ ደግሞ ከመቅዳትዎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በፊት ያውጡት። በጣም ሲቀዘቅዝ የጽጌረዳው መዓዛ ይጠፋና ስኳርና ምሬት ብቻ ይቀራሉ፤ ከ14 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ አልኮሉ ገንኖ ወይኑ ይከብዳል። ማዕዱ ረዘም ያለ ከሆነ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ ጠርሙሱን ወደ ባልዲው ይመልሱ።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ መዓዛውን የሚሰበስበው አፉ ነው። ከብርጭቆው ሲሶ በላይ አይቅዱ። 75 ሴንቲ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በዚህ ልክ ሲቀዳ ለ7 ወይም ለ8 ሰው ይዳረሳል።

አራተኛ፦ አቆራረጥና አጃቢ

ቺዙን ልክ እንደ ድፎ ዳቦ ከመሃሉ ወደ ጠርዙ በሦስት ማዕዘን ይቁረጡት፤ መሃሉና ዳሩ በብስለት ስለሚለያዩ እያንዳንዱ ተመጋቢ ሁለቱንም ማግኘት አለበት። ከሌሎች ቺዞች ጋር ከቀረበ ለአንድ ሰው 30 ግራም ይበቃል፤ ብቻውን እንደ ምግብ ከቀረበ እስከ 80 ግራም ሊደርስ ይችላል። ቅርፊቱ ይበላል፤ ብርታቱን የማይወድ ሰው ግን ከፍቆ ቢያነሣው ምንም ነውር የለበትም።

በአልዛስ መንስተር ከነልጣጩ ከተቀቀለ ትኩስ ድንችና በትንሽ ሳህን ከሚቀርብ የካራዌይ ዘር ጋር ይበላል። ካራዌይ በእኛ ማእድ ቤት ካለው ከሙን ጋር ቅርበት ቢኖረውም ጣዕሙ ቀለል ያለና ወደ እንስላል የሚያደላ ነው። ካልተገኘ ከሙንን በመተካት ፈንታ መተው ይሻላል፤ ከሙን የወይኑን መዓዛ ይጫነዋል። ድንቹ ጨው ሳይበዛበት ይቀቀል፣ ቺዙ በቂ ጨው አለውና። ዳቦ ከተፈለገ ቅመም የሌለበት የስንዴ ወይም የአጃ ዳቦ ይቅረብ። እንጀራን በዚህ ማዕድ ላይ አልመክርም፤ ኮምጣጣነቱ ወይኑን ለዛ ያሳጣዋል። ማር፣ የወይን ዘለላና የወይራ ፍሬ በቺዝ ሳህን ላይ ማብዛት በብዙ ቦታ ይታያል፤ በዚህ ጥምረት ግን ጣፋጩን የሚያመጣው ወይኑ ራሱ ስለሆነ ማር መጨመር ሥራውን መቀማት ነው።

አምስተኛ፦ መቅመስና ማስተካከል

መጀመሪያ ወይኑን ብቻውን አሽትተው ይጎንጩ፤ ምን ያህል ጣፋጭ እንደሆነ አፍዎ ይወቀው። ቀጥሎ ከቺዙ መሃል፣ ቅርፊት የሌለበትን ትንሽ ቁራጭ በዝግታ ያኝኩና ከመዋጥዎ በፊት ወይም ወዲያው እንደዋጡ ወይኑን ይጎንጩ። ሦስተኛውን ጉርሻ ከነቅርፊቱ ይውሰዱት። ጥምረቱ ከተሳካ የቺዙ ጨው ይለዝባል፣ የወይኑም ጣፋጭነት ወደ ኋላ ይልና ቀድሞ ያልታየው የዝንጅብልና የቅመም ጣዕም ይወጣል።

ካልተሳካ ምክንያቱን መለየት ይቻላል። ወይኑ መራራ ወይም አቃጣይ ከሆነብዎ ቺዙ በርትቶበታል፤ ቅርፊቱን አንሥተው ከድንች ጋር ይሞክሩት፣ ወይኑንም ሁለት ዲግሪ ያህል ያቀዝቅዙት። ቺዙ ጣዕም አጥቶ ጨው የገባበት ቅቤ ብቻ ከመሰለዎ ወይኑ ከሚገባው በላይ ጣፋጭ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቅርፊቱን ሳያነሡ፣ ካራዌይም ጨምረው ይብሉት። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ሳይገናኙ ለየብቻ የቀሩ ከመሰለዎ፣ ብዙውን ጊዜ ቺዙ አልሞቀም፤ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይታገሡት።

ሰማያዊ ቺዝ በማዕዱ ላይ ካለ ከመንስተሩ በኋላ ይቅረብ፤ ከቀደመ ምላስን ያደነዝዛል። ቅደም ተከተሉ ከለስላሳው ወደ ብርቱው፣ ከደረቁ ወይን ወደ ጣፋጩ መሄድ ነው። በጾም ወራት ቺዝ የማይበላበት ቤት ይህን ማዕድ ለፍስክ ቀን ሲያቅድ፣ ቺዙ የሚበስልበትን ጊዜ አስልቶ ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በፊት ወጣቱን ቢገዛ፣ ፍሪጅ ውስጥ እየበሰለ ይደርሳል።

የተረፈውን መያዝ

የተከፈተውን ወይን በቡሹ መልሰው ይድፈኑና ጠርሙሱን አቁመው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን መዓዛውን ይዞ ይቆያል፣ ጣፋጩ ከዚያም ጥቂት ቀን ሊያልፍ ይችላል። ቺዙን በመጣበት ወረቀት ወይም በሰም በተቀባ ወረቀት ጠቅልለው፣ ሽታው ወደ ሌላ ምግብ እንዳይዛመት ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ያድርጉት። በፕላስቲክ ብቻ አጥብቆ መጠቅለል ቅርፊቱን ያረጥበዋል፣ አሞኒያም ያበዛል። በረዶ ቤት ውስጥ አያስገቡት፤ ሲቀልጥ ይፈረፈራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልተበላው ቁራጭ ከተቀቀለ ድንች ጋር በምድጃ ውስጥ ቀልጦ ቢቀርብ፣ ሽታው ስለሚለዝብ ከቀረው ወይን ጋር መልካም ራት ይሆናል።